«ራይት» ማለት ቀኝ ነው

እንግሊዝኛ አልችልም የሚል ሰው ዕድለኛ ነው። እችላለሁ የሚልም፣ ከቻለ፣ ዕድለኛ ነው። ጉድ የሚፈላው በመካከል ባለነው ላይ ነው፤ ትንሽ በምናውቀው፣ ትንሽነቱን ግን በማናውቀው። እኔ ከነዚህ አንዱ ነበርኩ። «ነበርኩ» ማለቴን ልብ በሉልኝ።

ዘመኑ ደርግ ነው። አዋሳ ገና ትንሽ ከተማ ነበረች። ታቦር ተራራ ሥር ካለችው የኪራይ ቤቴ ተነሥቼ ቢሮ እስክደርስ የከተማውን ግማሽ ሰላም ብዬ እጨርስ ነበር። ሥራዬ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጊዜያዊ ጸሐፊነት ነው። ያቺ «ጊዜያዊ» የምትባል ቃል ወደ «ቋሚ» እንድትለወጥልኝ ስጸልይ ከርሜአለሁ። በልቤ ነው የምጸልየው፤ በዚያን ጊዜ ጮክ ብሎ የሚጸልይ ጸሐፊ ጊዜያዊነቱም አይቆይለትም።

እንግሊዝኛዬን ይርጋለም ነው የተማርኩት። አስተማሪያችን ስፖርትም እንግሊዝኛም ያስተምሩ ስለነበር ሁለቱን ደባልቀው ነበር የሚያስኬዱን። ሜዳ ላይ አሰልፈው «ራይት!» ሲሉ «ቀኝ!» ብለን ወደ ቀኝ እንዞራለን። «ሌፍት!» ሲሉ «ግራ!» ብለን ወደ ግራ። ለአንድ ቃል አንድ ትርጉም፣ ለአንድ ትርጉም አንድ መዞር። በእግር የገባ ትምህርት ደግሞ ከራስ አይወጣም።

እናም አንድ ቀን ጠዋት አለቃችን አቶ ለማ እያለከለኩ ቢሮ ገቡ።

«አስተርጓሚውን ወባ ጥሎታል! ፈረንጁ ደጅ ቆሟል! እንግሊዝኛ የሚችል ማን አለ?»

ጓደኞቼ ሁሉ በድንገት የጫማቸውን ክር ማጥበቅ ጀመሩ። እጄ ግን እኔን ሳታማክር ብድግ አለች።

«አንተ? እርግጠኛ ነህ?»

«ኧረ በደንብ ነው የምችለው!» አልኩ። ምላስ አጥንት የላትም፤ ባለቤቷን ግን አጥንቱ እስኪላላ ታስቀጠቅጣለች።

«በል እንግዲህ፣ ይህን ከተወጣኸው ስለ ቋሚነትህ እንነጋገራለን» አሉና ገፍተው አስወጡኝ።

ፈረንጁ ሚስተር ዴቪስ ይባላል። ከእንግሊዝ አገር የመጣ የዓሣ ባለሙያ ነው። ቁመቱ እንደ ስልክ እንጨት፣ አፍንጫው ፀሐይ መትቶት እንደ ቲማቲም የቀላ፣ ባርኔጣው ሦስት ሰው የሚያስጠልል። የመጣው የሐይቁን ዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ለማየት ነው። እሱ «ይገባቸዋል» ካለ አዲስ መረብ ይሰጣቸዋል፤ ካላለ ቀረ። መረብ ድሮም ቀዳዳ ነው፤ የእነዚያ ሰዎች ግን ቀዳዳውም ተቀዶ ነበር። አምባዛው በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ ልጆቻቸውም ባዶ ቅርጫት ይቀበላሉ። ስለዚህ እኔ የያዝኩት ቀላል አደራ አልነበረም።

ላንድሮቨሩ ውስጥ ገባን። ሚስተር ዴቪስ ከሾፌሩ ከጋሽ ወልዴ ጎን፣ እኔ ከኋላ። ጋሽ ወልዴ ሞተሩን አስነሥተው «ወዴት ነው?» አሉ። ይህንኑ ለሚስተር ዴቪስ ነገርኩት። እጁን በእጁ ጨብጨብ አድርጎ፣ «ራይት!» አለ።

«ወደ ቀኝ!» አልኩ።

ጋሽ ወልዴ ወደ ቀኝ ታጠፉ። እኔም «ይህ ሐይቃችን ትልቅ ነው» አልኩት በእንግሊዝኛ። እሱም ራሱን ነቅንቆ «ራይት» አለ።

«አሁንም ወደ ቀኝ!»

ታጠፉ። «ዓሣውም ብዙ ነው» አልኩት። «ራይት፣ ራይት!» አለ።

«ወደ ቀኝ! ከዚያም ወደ ቀኝ!»

ወደ ቀኝ ደጋግሞ የታጠፈ ሰው መጨረሻው የተነሣበት ነው። መንገድ ዳር በቆሎ የሚጠብሱ አንዲት ሴትዮ ነበሩ። መጀመሪያ ስናልፍ ቀና ብለው አዩን። እንደገና ስናልፍ ሳቁ። ደግመን ስንመጣ ማራገቢያቸውን እንደያዙ ተነሡ።

«ልጄ፣ የወደቀባችሁ ነገር አለ?» አሉኝ በመስኮቱ።

«የለም እማማ፣ ወደ ሐይቁ እየሄድን ነው።»

«ሐይቁ እኮ ያው!» ብለው በማራገቢያቸው አሳዩን። እውነትም በዛፎቹ መካከል ያብረቀርቃል።

ጋሽ ወልዴ በመስተዋቱ አዩኝ። ከዚያ በኋላ የእኔን አፍ ትተው ሐይቁን እያዩ ነዱ። ሚስተር ዴቪስ ከተማው ተመሳሳይ ቤቶች እንዳሉት በመገረም ነገረኝ። ተመሳሳይ አልነበሩም፤ እነዚያው ነበሩ።

ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው እስቃለሁ። «ራይት» ቀኝ ብቻ አይደለም። ፈረንጅ «እሺ» ሊል ሲፈልግ «ራይት» ይላል። «ገባኝ» ሊልም «ራይት»። «ልክ ነህ»ም በእሱ ነው፤ «መብት»ም በእሱ ነው፤ «በሉ እንነሣ»ም በእሱ ነው። ቃል ቆጣቢዎች ናቸው፤ አንዱን ቃል ከጠዋት እስከ ማታ ያለ ምሳ ያሠሩታል። ደግሞ እነሱን ብቻ አንማ። የእኛስ «ያዘ»? ዓሣ ያዝኩ፣ ሥራ ያዝኩ፣ ጉንፋን ያዘኝ፣ ቂም ያዝኩ፣ ፖሊስ ያዘኝ። አንድ ፈረንጅ ይህን ሰምቶ ጉንፋንን በመረብ ሊይዝ ቢነሣ ምን እንፈርድበታለን? ነገር ግን ይህ ሁሉ ጥበብ የመጣልኝ በኋላ ነው። በዚያን ቀን ራይት ቀኝ ነበር፤ አለቀ!

ሐይቁ ዳር ስንደርስ ዓሣ አስጋሪዎቹ ከትልቁ ዋርካ ሥር ተሰብስበው ይጠብቁናል። የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ዳንጊሶ ጋቢያቸውን አጣፍተው ከፊት ቆመዋል። አማርኛ ጥሩ አድርገው ይናገራሉ፤ ከአባላቱ ብዙዎቹ ግን የሚቀናቸው ሲዳምኛ ስለሆነ እኔ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ እሳቸው ከአማርኛ ወደ ሲዳምኛ ሊያደርሱት ተስማምተናል። አያችሁ? እኔ የማበላሸው ነገር ሁለት ቋንቋ ተሻግሮ ነው የሚበላሸው!

ከአንድ ጠረጴዛ ጀርባ ደግሞ ጓድ ሽብሩ ተቀምጧል። ጓድ ሽብሩ የአካባቢው ካድሬ ነው። ካኪ ልብሱ ከመተኮሱ ብዛት ብቻውን ሊቆም ይችላል። ሲስቅ ያየው ሰው የለም፤ አየሁ የሚል ሰው ቢመጣም ማን እንደሆነ ተጠይቆ ይታሰር ነበር።

«ዘግይታችኋል» አለኝ።

«መንገዱ ጠመዝማዛ ነው ጓድ።»

«የአዋሳ መንገድ?» ብሎ ዓይኔን አየኝ። የአዋሳ መንገድ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ መሆኑን አገር ያውቃል።

ስብሰባው በመፈክር ተከፈተ። ግራ እጃችንን ጨብጠን ወደ ላይ! «ይውደም!» ያልነው ሁሉ ወደመ። እዚህ ላይ ለወጣት አንባቢ አንድ ነገር ልንገር። ያኔ ግራ ማለት ተራማጅ ማለት ነው። ቀኝ ማለት ደግሞ አድሃሪ። «ቀኝ መንገደኛ» የተባለ ሰው ሻንጣ ሳያዘጋጅ ነው የሚሄደው፤ መቼ እንደሚመለስም አይጠየቅም። ጠዋት ተነሥተው «በቀኝ አውለኝ» የሚሉ እናቶች እንኳ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር።

አቶ ዳንጊሶ ተነሥተው ችግራቸውን ተናገሩ። የተቀደደውን መረብ ዘርግተው አሳዩ። «ዓሣውን እናየዋለን እንጂ አንይዘውም። የጠየቅነው ስጦታ አይደለም፤ መሥሪያ ነው» አሉ። እኔም እንደምንም አድርጌ ተረጎምኩት፤ እጄም፣ ትከሻዬም፣ ቅንድቤም ተርጉሟል።

ሚስተር ዴቪስ ልቡ ተነካ። ብድግ አለና ባርኔጣውን አውልቆ፣ አቶ ዳንጊሶን እያየ፣ ረጅም ንግግር ጀመረ። ከንግግሩ ውስጥ አጥርቼ የያዝኩት ያቺን ወዳጄን ቃል ብቻ ነው። እሷ ደግሞ በየመስመሩ ነበረች!

«ሚስተር ዴቪስ ምን ይላሉ፣» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «እናንተ ቀኝ ናችሁ!»

ዋርካው ላይ ያሉት ወፎች ግርር ብለው በረሩ።

አቶ ዳንጊሶ ወደ እኔ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ «ምን አልክ?» አሉኝ።

«ቀኝ ናችሁ ነው የሚለው። ፍጹም ቀኝ።»

ጓድ ሽብሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሚስተር ዴቪስ ግን ማን ይያዘው! ጠረጴዛውን በጡጫ እየመታ ቀጠለ። እኔም በሙቀቱ ተወስጄ ቀጠልኩ፤

«ቀኝነት የእናንተ ነው ይላሉ! ማንም አይነጥቃችሁም! የሚያስፈልጋችሁም የቀኝ መረብ ነው!»

«የቀኝ መረብ?» አለ ጓድ ሽብሩ ቀስ ብሎ። ሰውየው ሲጮህ ያን ያህል አያስፈራም፤ ቀስ ሲል ነው። «የግራ መረብም አለ?»

በዚህ መካከል ሚስተር ዴቪስ ንግግሩን ጨረሰና እጆቹን ዘርግቶ፣ ፈገግ ብሎ፣ ሕዝቡን ጠየቀ፤ «ኦል ራይት?»

«ኦል» ማለት «ሁሉም» እንደሆነ አውቃለሁ። ተማሪ ነበርኩ እኮ!

«ሁሉም ቀኝ?» ብዬ ተረጎምኩ።

አቶ ዳንጊሶ ግራ ቀኛቸውን አዩ። ድምፅ መስጫው ደረሰ መሰላቸው። ዞር ብለው ለአባላቱ በሲዳምኛ የሆነ ነገር ተናገሩ፤ ያ ሁሉ ሕዝብ እንደ አንድ ሰው ቀኝ እጁን አነሣ! በአብዮታዊ ስብሰባ! በካድሬ ፊት! ሚስተር ዴቪስ ተደስቶ አጨበጨበ። ከዚያም፣ ይባስ ብሎ፣ የራሱን ቀኝ እጅ አነሣ።

ጓድ ሽብሩ ጠረጴዛውን ዞሮ መጣና በጆሮዬ፣

«ለዚህ ቅስቀሳ ማን ነው የላከህ?» አለ።

«ማንም አልላከኝም ጓድ! ራሱ ነው ያለው! እኔ ቱቦ ነኝ፤ የፈሰሰብኝን ነው የማፈሰው።»

«ፈረንጁ እንግዳ ነው፤ አልነካውም። አንተ ግን የእኛው ነህ። አሁን ጀልባ ላይ እንወጣለን፤ ስንመለስ እንነጋገራለን። እስከዚያ ‹ቀኝ› የምትል ቃል ከአፍህ ብትወጣ...» አልጨረሰውም። ያልተጨረሰ ዓረፍተ ነገር ከተጨረሰው ይከብዳል።

ወደ ጀልባው ስንወርድ አእምሮዬ እንደ ወፍጮ ይፈጫል። ልብ ብዬ ሚስተር ዴቪስን ተከታተልኩት። አንዱ አስጋሪ በግራ በኩል ቡሹሎ የሚባለውን መንደር ዳርቻ አሳየው፤ እሱም ወደ ግራ እያየ «ራይት» አለ። ወደ ግራ! ሌላው ውሃ ሰጠው፤ «ራይት» ብሎ ተቀበለ። ያን ጊዜ በራሴ ውስጥ መብራት በራ። ለካስ ቀኝ ማለት አይደለም! «ልክ ነው» ማለት ነው! ዘልዬ ልስመው ምንም አልቀረኝም። እንዲያው ያቺን ቃል በአዲሱ ትርጉሟ በደንብ አጥብቄ ያዝኳት። አሮጌውንም ትርጉም ወዲያው ጣልኩት፤ ለአንድ ቃል ሁለት ትርጉም የሚይዝ ጭንቅላት አልነበረኝማ።

ጀልባዋ ላይ አቀማመጣችን እንዲህ ነበር፤ ይህን ካልተረዳችሁልኝ ጉዱ አይገባችሁም። ሚስተር ዴቪስ ከነባርኔጣው ከፊት ቆሟል። አቶ ዳንጊሶና አንድ ጎልማሳ ባልደረባቸው በመካከል ሆነው ይቀዝፋሉ፤ ቀዛፊ ደግሞ ጀርባውን ነው ወደሚሄድበት የሚሰጠው። ጓድ ሽብሩ ከኋላ፣ ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ። እኔ ከፊቱ፣ ፊት ለፊት እያየሁት፤ ምክንያቱም ምርመራው ጀምሯል።

«አባትህ ምን ነበር?»

«ልብስ ሰፊ ነው ጓድ።»

«ለማን ነበር የሚሰፋው? ለባላባት?»

«ለሚከፍለው ሁሉ።»

ሚስተር ዴቪስ ከፊት «ራይት» አለ።

«ምን ይላል?»

«ልክ ነው ይላል ጓድ። አሁን ገብቶኛል። ስብሰባው ላይም ‹ልክ ናችሁ› ነው ያለው። ቀኝ ያልኩት በስሕተት ነው!»

ዓይኑን አጠበበ። ሊያምነኝ ነው? ላያምነኝ ነው? በዚህ መካከል ሚስተር ዴቪስ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ራይት! ራይት!»

«አያችሁ? ልክ ነው፣ ልክ ነው ይላል!»

አቶ ዳንጊሶ ደስ አላቸው። «ልክ ከሆነማ!» ብለው ከባልደረባቸው ጋር መቅዘፊያውን ጠበቅ አድርገው ሳቡት። ጀልባዋ ቀጥ ብላ ከነፈች።

«ራይት! ራይት! ራይት!» ሚስተር ዴቪስ አሁን ይጮሃል። እጁን ያወናጭፋል።

«በጣም ልክ ነው ይላል! ቀጥሉበት! በርቱ!» አልኩ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ሰዓት ጥሩ የተረጎምኩ መስሎኝ አያውቅም።

ያን ጊዜ ሚስተር ዴቪስ ዝርግፍ ብሎ ተቀመጠ። ባርኔጣው ዝቅ ሲል ጓድ ሽብሩ ከፊታችን ያለውን አየ። ፊቱ በአንድ ጊዜ አመድ መሰለ። እኔም ዞር አልኩ። ውሃው ላይ ሁለት ትንንሽ ጆሮዎች፤ ከጆሮዎቹ ሥር ሁለት ዓይኖች፤ ከዓይኖቹ ሥር ደግሞ የተከፈተ አፍ። አፍ አልኩት እንጂ በር ነበር። ጉማሬ! ከግራችን፣ አፍንጫችን ሥር!

ምን እንደምል አውቃለሁ፤ ግን ያቺን ቃል እንዳልናገር ታዝዣለሁ። «ወ... ወደ... ወደዚያ...» አልኩ። እጄን ወደ ሰማይ ቀሰርኩት መሰለኝ።

ጓድ ሽብሩ ግን ብድግ አለ። ጀልባዋ ተንገዳገደች።

«ቀኝ!» አለ። «ቀኝ በሉ! ወደ ቀኝ!»

አቶ ዳንጊሶ መቅዘፊያቸውን አየር ላይ አቆሙ። ጀርባቸው ለጉማሬው ነው፤ ፊታቸው ለካድሬው። ጨዋ ሰው ናቸውና መጠየቅ ነበረባቸው።

«የማን ቀኝ ጓድ? የእኛ ነው የእርስዎ?»

«የእኔ! የእኔ ቀኝ! በማርያም! በእናታችን በማርያም የእኔን ቀኝ!»

ሳቡት! ጀልባዋ በአንድ ጎኗ ተጋድማ ዞረች። ጉማሬው አፉን ከድኖ፣ እንደ ሸክም ድንጋይ ውሃ ውስጥ ገባ፤ የላከው ማዕበል ከራስ ፀጉራችን እስከ ጫማችን አጠበን። የጓድ ሽብሩ ቆብ ተነሥታ ወደ ሐይቁ ገባች። ማንም ተከትሏት ሊገባ አልፈለገም። ሁለቱ ቀዛፊዎች ደግሞ ወደ ዳር የቀዘፉትን አቀዛዘፍ ያየ ሰው ጀልባዋ ሞተር የላትም ብሎ አያምንም።

ዳር ስንደርስ ሁላችንም አሸዋው ላይ ተዘረጋን። ሚስተር ዴቪስ ይስቃል፣ ያለቅሳል፣ አቶ ዳንጊሶን ያቅፋል። ጓድ ሽብሩ ካኪው ሰውነቱ ላይ ተጣብቆ፣ ተነሥቶ፣ በዓይኑ ጠራኝ። ከሰው ራቅ አልን።

«ጀልባው ላይ ምን አልኩ?» አለኝ።

«ምንም አላሉም ጓድ።»

«የጠራሁት ስም ነበር?»

«ነፋስ ነበር፤ አልሰማሁም።»

ካልሲውን አውልቆ ጨመቀ። ውሃው እስኪያልቅ ጠበቅኩ።

«ጥሩ» አለ በመጨረሻ። «እኔም ስብሰባው ላይ ነፋስ ነበረብኝ።»

ወዲያው ወደ አስጋሪዎቹ ሄደ። ያንን የተቀደደ መረብ አነሣና ለሚስተር ዴቪስ ዘረጋለት፤ ጣቱን በቀዳዳው አሾልኮ፣ ቅንድቡን ከፍ አድርጎ፣ በዝምታ ጠየቀው። ሚስተር ዴቪስ መረቡን ተቀብሎ ወደ ኋላው ወረወረው፤ ከዚያም በሁለት እጁ ትልቅ፣ በጣም ትልቅ መረብ በአየር ላይ ሠርቶ በአቶ ዳንጊሶ ትከሻ ላይ አለበሳቸው። ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገም። ዳርቻው በእልልታ ተናጋ! መረቡም እውነት መጣ፤ ዝናቡ ሳይገባ ሐይቁ ላይ ተዘርግቶ አየሁት።

የአስጋሪዎቹ ሚስቶች ቀረሶ ዓሣ ጠብሰው አቀረቡልን። ሁላችንም ከአንድ ሰሐን በእጃችን እየቆረስን ስንበላ ሚስተር ዴቪስ ዓሣውን ዋጥ አድርጎ፣ ጓድ ሽብሩን እያየ፣ እንደገና ረጅም ነገር ተናገረ። በጣም የተዋበ ነገር ይመስላል። ሁሉም ዞሮ እኔን አየ።

«ምን አለ?» አለኝ ጓድ ሽብሩ።

አፌን ከፈትኩ።

«አላውቅም ጓድ።»

ቋሚነቴ ሐይቁ ውስጥ ስትሰምጥ ታየችኝ። ጓድ ሽብሩ የያዘውን ቀረሶ አስቀምጦ አየኝ።

«ይገርማል» አለ። «እኔ እኮ ካድሬ ከሆንኩ ጀምሮ ‹አላውቅም› ብዬ አላውቅም።»

ከዚያም መጀመሪያ ትከሻው፣ ቀጥሎ ሆዱ፣ በኋላም መላ ሰውነቱ ተንቀጠቀጠ። የታመመ መስሎኝ ልደግፈው ተነሣሁ። እየሳቀ ነበር።